ፋጅን ዝም የሚያሰኘው ፕሮቲን

ከባሕር ዳር የጎርፍ ቦዮች አንዱ ጣናን ከሚገናኝበት ቦታ ውሃ ቀድተው፣ አጣርተው፣ ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ከተዘራበት ፕሌት (በረጋ ምግብ የተሞላ ሳህን) ላይ ቢያፈሱት፣ በማግሥቱ የባክቴሪያው ንጣፍ እዚህም እዚያም ተበስቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ቀዳዳዎቹ ፕላክ ይባላሉ። እያንዳንዱ ከአንድ ቫይረስ የጀመረ ነው፤ ልጆቹ ዙሪያቸውን ያገኙትን ባክቴሪያ እየፈጁ አስፍተውታል። ጠጋ ብሎ ላየ ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። አንዳንዶቹ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ከበስተጀርባቸው ያለ ጽሑፍ ይነበባል። ሌሎቹ መሃላቸው ድፍርስ ነው፤ ቫይረሱ ባለፈበት ላይ እንደገና ባክቴሪያ በቅሏል። ይህ ማብራሪያ ስለ ድፍርሶቹ ነው። እዚያ መሃል ከበቀሉት አብዛኞቹ ከቫይረሱ ያመለጡ ሳይሆኑ ቫይረሱን በውስጣቸው ይዘው የሚኖሩ ናቸው። እንዳይገድላቸው የያዘው ደግሞ በራሱ በቫይረሱ ጂን የሚሠራ አንድ ፕሮቲን ነው፤ ሪፕረሰር (አፋኝ) ይባላል።

ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ፋጅ ነው። እንደ ቲ4 ያሉት ፋጆች ገብተው፣ ተባዝተው፣ ባክቴሪያውን አፈንድተው ይወጣሉ፤ ሌላ ምርጫ የላቸውም። ለዘብተኛ የሚባሉት ግን ሁለት መንገድ አላቸው። ወይ እንደ ቲ4 ያፈነዳሉ፣ ወይ ዲኤንኤያቸውን ከባክቴሪያው ክሮሞዞም ጋር ቀጥለው እሱ በተከፈለ ቁጥር አብረው እየተባዙ ይኖራሉ። የመጀመሪያው ሊቲክ፣ ሁለተኛው ላይሶጀኒክ ይባላል። ተቀጥሎ የተቀመጠው የቫይረስ ዲኤንኤ ፕሮፋጅ፣ ተሸካሚው ባክቴሪያ ደግሞ ላይሶጅን ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይበልጥ የተጠናው ላምዳ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1951 አስቴር ሌደርበርግ ኬ-12 በተባለው የኢ. ኮላይ ዘር ውስጥ አገኘችው። ኬ-12 እስከዚያ ድረስ ለዓመታት በየላቦራቶሪው ሲባዛ ኖሯል፤ ፋጅ ይዞ እንደሚኖር ግን ማንም አላስተዋለም ነበር። የተገለጠው በአልትራቫዮሌት ጨረር ከተመቱት መካከል ፋጁን የጣለ ዘር ተገኝቶ ከወላጁ ጋር ሲቀላቀል ነው፤ ወላጁ የለቀቀው ፋጅ የጣለውን ዘር በላው። ወላጁ ራሱ ለምን እንዳልተበላ ያስረዳው በኋላ የመጣው የሪፕረሰር ታሪክ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አንድሬ ልዎፍና ባልደረቦቹ ፓሪስ ላይ፣ ጨረር ዝም ብሎ የነበረን ፋጅ በአንድ ጊዜ እንደሚቀሰቅስ በሌላ ባክቴሪያ አሳይተው ነበር። ልዎፍ በ1965 ከዣኮብና ከሞኖ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ፕሮቲኑን ራሱን ነጥሎ ያወጣው ማርክ ፕታሽኒ ነው፣ በ1967።

ሦስት መቀመጫ፣ ሁለት ተፎካካሪ

የላምዳ ዲኤንኤ 48,502 ጥንድ ፊደል አለው። በላይሶጅን ውስጥ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚነበበው ጥቂት ነው፤ ዋናው የሪፕረሰሩ ጂን ነው። ጂኑ ሲ1 ስለሚባል ፕሮቲኑንም ሲ1 እንለዋለን። 236 አሚኖ አሲድ ያለው፣ በቀጭን ማገናኛ የተያያዙ ሁለት ጉብታዎች የያዘ ሞለኪውል ነው። አንደኛው ጉብታ ዲኤንኤን ይይዛል። ሁለተኛው ጉብታ የሚይዘው ሌላ ሲ1ን ነው፤ ስለዚህ ሥራ ላይ ያለው ሲ1 ሁልጊዜ ጥንድ ነው።

ጥንዱ የሚያርፍበት ቦታ ኦፕሬተር ይባላል። በስተቀኝ በኩል ባለው ኦፕሬተር ላይ እያንዳንዳቸው 17 ጥንድ ፊደል የሆኑ ሦስት መቀመጫዎች በተርታ አሉ፤ ቀኝ-1፣ ቀኝ-2፣ ቀኝ-3 እንበላቸው። ከነዚህ ግራና ቀኝ ጀርባ ለጀርባ የተሰጣጡ ሁለት የንባብ መነሻዎች አሉ፤ ፕሮሞተር ይባላሉ። በቀኝ-1 በኩል ያለው ወደ ቀኝ አንብቦ የፍንዳታውን ሥራ ያስጀምራል። በቀኝ-3 በኩል ያለው ወደ ግራ አንብቦ ሲ1ን ራሱን ያሠራል። ዲኤንኤውን የሚያነበው አርኤንኤ ፖሊመሬዝ ሁለቱንም ለመያዝ ቦታ ይፈልጋል፤ ጉዳዩ ሁሉ የትኛው መቀመጫ ተይዞ የትኛው ባዶ እንደቀረ ነው።

ሲ1 አስቀድሞ የሚይዘው ቀኝ-1ን ነው፤ ከሁሉ አጥብቆ የሚወደው እሱን ነውና። ቀኝ-2ን ለብቻው ቢሆን በቀላሉ አይዝም ነበር፤ ቀኝ-1 ላይ ያረፈው ጥንድ ግን ጎረቤቱን ይስበዋል፣ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይሞላሉ። እነዚህ ሁለት ጥንዶች የቀኙን ፕሮሞተር ይሸፍኑታል፤ የፍንዳታው መንገድ ተዘጋ። እዚህ ላይ ብዙ የመማሪያ ጽሑፍ የሚያልፈው ነገር አለ። ቀኝ-2 ላይ ያረፈው ሲ1 በሌላኛው ጎኑ ፖሊመሬዙን ነክቶ የራሱን ጂን ንባብ ወደ አሥር እጥፍ ያፋጥነዋል። ያው ሞለኪውል፣ በዚያው ቅጽበት፣ አንዱን ያፍናል ሌላውን ይረዳል። “አፋኝ” የሚለው ስም ግማሹን ሥራውን ብቻ ነው የሚናገረው።

ሲ1 ከበዛ ሦስተኛው መቀመጫም ይያዛል፤ ያኔ የራሱ ጂን ይዘጋል። ወደ 2,400 ጥንድ ፊደል ርቆ በግራ በኩል ተመሳሳይ ሦስት መቀመጫዎች አሉ። በሁለቱ በኩል ያሉት ጥንዶች ተያይዘው መሃል ያለውን ዲኤንኤ ሲያጥፉት ቀኝ-3ን መያዝ ይቀልላል። ውጤቱ ከልክ ሲያልፍ የሚቆም፣ ሲጎድል የሚቀጥል ምርት ነው። ጨራ ጨራ ግድብ ላይ የዓባይን በሮች የሚቆጣጠር ሰው የሐይቁን ከፍታ እያየ እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ማለት ነው፤ እዚህ ግን ከፍታውም በረኛውም ያው ፕሮቲን ነው። በአንድ ላይሶጅን ውስጥ በአማካይ 200 ገደማ የሲ1 ሞለኪውል ይገኛል።

ተፎካካሪው ክሮ ይባላል፣ 66 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው። የሚይዛቸው መቀመጫዎች እነዚያው ሦስቱ ናቸው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ አስቀድሞ ቀኝ-3ን። ቀኝ-3 በክሮ ከተያዘ የሲ1 ጂን አይነበብም። ሲ1 ካልተሠራ ደግሞ ያለው እያለቀ ይሄዳል፣ የቀኙ ፕሮሞተር ይከፈታል፣ ክሮ ይበዛል። አንድ ጊዜ ወደዚያ የተንከባለለ ሴል አይመለስም ማለት ይቻላል።

ዝምታው እንግዲህ በየጊዜው የሚታደስ ሥራ ነው። ባክቴሪያው በተከፈለ ቁጥር ሲ1 ለሁለት ይካፈላል፤ ምርቱ ቢቋረጥ ጥቂት ትውልድ አይቆይም። ነገር ግን ጥንዶቹ ተደጋግፈው ስለሚያርፉ ትንሽ ጉድለት ምንም አያመጣም። ሲ1 በግማሽ ቢቀንስ ፋጁ አይነቃም። ከዚያ በእጅጉ ሲወርድ ግን መዘጋቱ ቀስ እያለ ሳይሆን ድንገት ይለቃል። እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው ብለው የሚያስተምሩ አሉ፤ ትክክል ናቸው፣ ግን ማጥፊያው ያለ ተከታታይ ምርት አይቆምም።

ላይሶጅን ሌላ ላምዳ ቢመጣበት የማይሞተውም በዚሁ ነው። የገባው አዲስ ዲኤንኤ ሴሉ ውስጥ የተዘጋጀ ሲ1 ይጠብቀዋል፣ ወዲያው ይዘጋል። ይህ መከላከያ ዘመድ ለይቶ ነው። 434 የሚባለው ፋጅ መቀመጫዎቹ የተለየ ፊደል ስላላቸው የላምዳ ሲ1 አያውቃቸውም፤ የላምዳን ላይሶጅን ገብቶ ያፈነዳዋል።

ሲገባ ማን ይወስናል?

ፋጁ ገና ሲገባ ሲ1 የለም። መጀመሪያ የሚያስጀምረው ሲ2 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው፤ እሱ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፣ የባክቴሪያው ፕሮቲን ቆራጭ (ኤፍቲኤስኤች) ይበላዋል። ሲ3 የተባለው ረዳቱ ቆራጩን ለጊዜው ያዘናጋዋል። የጠገበና በፍጥነት የሚያድግ ባክቴሪያ ውስጥ ሲ2 ቶሎ ይጠፋል፤ ክሮ ያሸንፋል፣ ሴሉ ይፈነዳል። የተራበ ባክቴሪያ ውስጥ፣ ወይም ብዙ ፋጅ በአንድ ላይ ገብቶ የሲ2 እና የሲ3 መጠን ከፍ ሲል፣ ሲ2 ቆይቶ የሲ1ን ምርት ያስነሳል። ለፋጁ ምክንያታዊ ነው፦ ብዙ ፋጅ ጥቂት ባክቴሪያ ካገኘ፣ አፈንድቶ ቢወጣ የሚያጠቃው አያገኝም።

ባሲለስ የተባለውን ባክቴሪያ የሚያጠቁ አንዳንድ ፋጆች ለዚህ የበለጠ ግልጽ ዘዴ አላቸው። በየኢንፌክሽኑ ስድስት አሚኖ አሲድ ያላት ትንሽ መልእክት ወደ ውጭ ይለቃሉ፤ መልእክቷ ሲበዛ ተከታዮቹ ፋጆች ማፈንዳቱን ትተው ወደ ዝምታ ይገባሉ። ይህ በ2017 ታትሞ የወጣ ግኝት ነው።

ፋጁን የሚቀሰቅሰው

የባክቴሪያው ዲኤንኤ ሲጎዳ፣ በአልትራቫዮሌት፣ ማይቶማይሲን ሲ በተባለው መድኃኒት፣ ወይም እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ባሉ አንቲባዮቲኮች፣ ነጠላ የሆነ የዲኤንኤ ክር ይጋለጣል። ሬክኤ የሚባለው የባክቴሪያው ፕሮቲን ክሩ ላይ ይደረደራል። ባክቴሪያው ይህን የሚጠቀምበት የራሱን የጥገና ጂኖች የሚያፍነውን ሌክስኤን ለማስወገድ ነው። ሲ1 ከሌክስኤ ጋር የሚመሳሰል አካል ስላለው አብሮ ይጠመዳል። ሬክኤ ራሱ ሲ1ን አይቆርጥም፤ ሲ1 ሬክኤን ሲጠጋ ራሱን በራሱ በ111ኛውና በ112ኛው አሚኖ አሲድ መካከል ይቆርጣል። ሁለቱ ጉብታዎች ከተለያዩ ጥንድ መሆን አይቻልም፣ ከኦፕሬተሩም ይወድቃል። ፋጁ ከሚሞት ቤት እየወጣ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ኢንት እና ዚስ የተባሉት ፕሮቲኖች ፕሮፋጁን ከክሮሞዞሙ ያወጡታል። ዲኤንኤው ይባዛል፣ ራስና ጅራት ይሠራሉ። በመጨረሻ አንዱ ፕሮቲን የሴሉን ሽፋን ይበሳል፣ ሌላው ግድግዳውን ይፈታል፤ በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከአንድ ሴል በአማካይ እስከ 100 ፋጅ ይወጣል።

ባሕር ዳር ላይ በተግባር

ፋጅ ፍለጋ ከጣና ውሃ ሲጀመር መጀመሪያ የሚያስቸግረው ደለል ነው። በክረምት ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ የሚያመጡት ጭቃ ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ በቀጥታ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ቢገፉት ጥቂት ሚሊ ሊትር ሳያልፍ ይደፈናል። 50 ሚሊ ሊትር ወስደው በ5,000 ጂ ለ10 ደቂቃ ያሽከርክሩ፤ ሴንትሪፊዩጅ ከሌለ ማታውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው የጠራውን ብቻ ይቅዱ። ቀጥሎ በ0.45፣ ከዚያ በ0.22 ያጣሩ። የሸክላ አፈር ፋጅን እንደሚይዝ አይርሱ፣ የተጣለው ጭቃ ውስጥ የቀረ አለ። ከተቻለ ዝናቡ ከቆመ በኋላ ይቅዱ። ከሐይቁ መሃል በታንኳ ሄዶ ከመቅዳት ደግሞ ከከተማው ፍሳሽ መግቢያ አጠገብ መቅዳት ለኢ. ኮላይ ፋጅ ይበልጥ ያዋጣል፤ አስተናጋጁ (ፋጁ የሚባዛበት ባክቴሪያ) ያለው እዚያ ነውና።

አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) ላይ የባሕር ዳር ከፍታ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ 121 ሳይሆን ወደ 118 ዲግሪ ነው። 121 ለመድረስ 18 ፒኤስአይ ገደማ ያስፈልጋል። ማሽኑ ከ15 በላይ እንዲሄድ ካልተሠራ አያስገድዱት፤ 15 ደቂቃውን ወደ 30 ያራዝሙት። ያልሞተ የባሲለስ ስፖር ፕሌቱ ላይ ሲበቅል የድፍርስ ፕላክ መሃል መስሎ ያሳስታል።

ለፕሌቱ፦ ታች 1.5 በመቶ አጋር (ምግቡን የሚያረጋው)፣ ላይ 0.7 በመቶ ለስላሳ አጋር፣ ሁለቱም 10 ሚሊ ሞላር ማግኒዚየም ሰልፌት ይግባባቸው። 100 ማይክሮ ሊትር የባክቴሪያ ብሮዝ (ባክቴሪያ ያደገበት ፈሳሽ ምግብ) ከ100 ማይክሮ ሊትር የተጣራ ውሃ ጋር ለ15 ደቂቃ ያቆዩ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ለስላሳ አጋር ጨምረው ወዲያው ያፍስሱ። ለስላሳው አጋር ከ45 እስከ 48 ዲግሪ ይሁን። ከዚያ ከሞቀ ባክቴሪያው ይሞታል፣ ፕሌቱ ባዶ ሆኖ “ፋጁ ሁሉን ፈጀ” ያሰኛል፤ ከቀዘቀዘ ይጓጉላል። የታችኛው አጋር እርጥብ ከሆነ ፕላኮቹ ይዋሃዳሉ። ላምዳን ራሱን የሚያሠሩ ከሆነ ባክቴሪያውን በ0.2 በመቶ ማልቶዝ ያሳድጉ፤ ፋጁ የሚገባበት በር የማልቶዝ በር ነው፣ ግሉኮስ ካለ ባክቴሪያው በሩን አይሠራም።

ለዘብተኛ ፋጅ የሚፈልግ ሰው ውሃውን አስቀድሞ ከባክቴሪያ ጋር አሳድሮ ማባዛቱን ቢተወው ይሻላል። ያ ዘዴ ለፈንጂዎቹ (እንደ ቲ4 ሁልጊዜ ለሚያፈነዱት) ያደላል፤ ማታውን ሲሻሙ ያድሩና ድፍርሱ በጠራው ይዋጣል። ሌላው ስህተት አስተናጋጁን አለመፈተሽ ነው። የተጠቀሙበት ኢ. ኮላይ ራሱ ላምዳ ካለበት፣ መቀመጫቸው እንደ ላምዳ የሆነ ፋጆች ጥርት ያለም ድፍርስም ፕላክ አይሠሩም፤ ውሃው ውስጥ የሉም ብሎ መደምደም ይከተላል።

ድፍርስ ፕላክ ከተገኘ መሃሉን በሉፕ ነክተው ነጥሎ ማሳደግ ነው። የሚገኘው ቅኝ (ኮሎኒ፣ ከአንድ ሴል የበቀለ የባክቴሪያ ክምር) ላይሶጅን ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፋጁ የሚገባበትን በር የጣለ ሚውታንት (ጂኑ የተለወጠ ባክቴሪያ)። ሁለቱም በዚያው ፋጅ አይሞቱም፣ ስለዚህ አለመሞት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሚለየው መለቀቅ ነው። ቅኙን በብሮዝ እስከ 0.3 ኦዲ (የብሮዙ ድፍርስነት መለኪያ) ያሳድጉ፣ ለሁለት ይክፈሉ፣ አንዱ ላይ በሚሊ ሊትር 0.5 ማይክሮ ግራም ማይቶማይሲን ሲ ይጨምሩ፣ ሁለቱንም በ37 ዲግሪ ያናውጡ። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ያለበት ብቻ ከጠራ፣ አጣርተው ንጹሕ አስተናጋጅ ላይ ሲያንጠባጥቡትም ፕላክ ከሠራ፣ ላይሶጅን ነው። ማይቶማይሲን የሰውንም ዲኤንኤ ይጎዳል፤ ያለ ጓንት አይነካም፣ ቀሪውም ቦይ ውስጥ አይደፋም። ላምዳ ላይ ከሆነ ሌላ ፈተና አለ፦ ኦፕሬተሮቹ ተለውጠው ሲ1 የማይዘው ቪሩለንት ላምዳ ላይሶጅኑን ይገድላል፣ በር የሌለውን ሚውታንት ግን መግባት አይችልም።

በአልትራቫዮሌት የሚቀሰቅስ ሰው ባክቴሪያውን ከብሮዝ አውጥቶ በማግኒዚየም ሰልፌት ውሃ ይበጥብጠው፣ ብሮዝ ጨረሩን ይውጣልና። ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሁን። ከጨረሩ በኋላ ወዲያው በፎይል ይሸፍኑት። ኢ. ኮላይ በብርሃን የሚሠራ የዲኤንኤ ጥገና ኢንዛይም ስላለው፣ መስኮት አጠገብ የተተወ ብልቃጥ ቁስሉን ጠግኖ ፋጁን እንደተኛ ያቆየዋል።

ጨረርም መድኃኒትም ለሌለው ሲ1-857 የተባለው ሚውታንት ይቀላል። ይህ ሪፕረሰር በ30 ዲግሪ በደንብ ይሠራል፣ በ42 ዲግሪ ይፈርሳል። በ30 አሳድገው፣ በ42 ለ15 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ወደ 37 ያወርዱታል። ዘሩን እንደ ለመደ እጅ በ37 ማሳደር የተለመደ ጥፋት ነው፤ አፈናው ይላላል፣ ጠዋት የሚገኘው ግማሽ የሞተ ብልቃጥ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሙቀቱን አልፎ የሚሄድ ኢንኩቤተርም ያው ነው፤ ለዚህ ዘር ቴርሞሜትሩን ከማሽኑ ስክሪን ይልቅ ውስጥ የተቀመጠ የውሃ ብልቃጥ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከላቦራቶሪ ውጭ

የኮሌራ ባክቴሪያ መርዙን የሚሠራበት ጂን የፋጅ ጂን ነው፤ ተመራማሪዎቹ ዋልዶርና ሜካላኖስ በ1996 አሳይተውታል። ያ ፋጅ የራሱ ሪፕረሰር አለው፣ ሲወጣ ግን ባክቴሪያውን አያፈነዳም። ደም ያለበት ተቅማጥ በሚያመጡ አንዳንድ የኢ. ኮላይ ዘሮች፣ እንደ ኦ157፣ የሺጋ መርዝ ጂን የተቀመጠው የላምዳ ዘመድ በሆነ ፕሮፋጅ ውስጥ፣ ዘግይቶ በሚነበበው ክፍል ላይ ነው። ሪፕረሰሩ እስካለ ድረስ መርዙ በትንሹ ብቻ ይሠራል። ዲኤንኤን የሚጎዳ አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ግን ፋጁ ይነቃል፣ መርዙ ይመረታል፣ ሴሉም ፈንድቶ ይለቀዋል። ሐኪሞች በዚህ ኢንፌክሽን ላይ አንቲባዮቲክ ለመስጠት የሚያመነቱት፣ በተለይም ሲፕሮፍሎክሳሲንን፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሁሉ ግን ከዚህ አይደለም፤ ሺጌላ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ የሚያመጣው አንቲባዮቲክ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ከፋርማሲ በግምት ገዝቶ መዋጥም፣ የታዘዘን በግምት ማቆምም ሁለቱም መጥፎ ነው።

በፋጅ ሕክምና የሚሠሩ ሰዎችም ለዘብተኛ ፋጅን የሚሸሹት በዚሁ ነው፦ ሊገድለው የተላከው ባክቴሪያ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ ከሌላ ዘመድ ፋጅም ይከላከልለታል፣ አንዳንዴም መርዝ ያለበት ጂን ያቀብለዋል። ከጣና የተገኘ ፋጅ ፕላኩ ጥርት ስላለ ብቻ ፈንጂ ነው ማለት ግን አይቻልም። የሲ1፣ የሲ2 ወይም የሲ3 ጂን በአንድ ፊደል ብቻ የተሰበረበት ለዘብተኛ ፋጅም ጥርት ያለ ፕላክ ይሠራል፤ ፊደሏ ተመልሳ ከተስተካከለች ወይም ከዘመዱ ጂኑን ከተዋሰ ዝምታው ይመለሳል። ዲኤንኤው ተነብቦ የኢንት ዓይነት ጂንና የሪፕረሰር ጂን እንደሌለው ሳይታይ ለሕክምና አይታጭም።